ጂን ጠሪዎች የተባልንበት ጉባኤ

ውድ ሙአዊያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የሰመራ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ይህን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። በስልክ ግን አንተ ትቀድመኛለህ፣ እኔም እሺ ማለት ይቀናኛል። ስጽፍ የሚያቋርጠኝ የለም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ጉባኤው ላይ መገኘቴን ሰምተሃል። «ከሄድሽ ሽማግሌዎቹ ይቀራሉ» ያልከኝን ረስቼው አይደለም፤ እያወቅሁ ነው የሄድኩት። የዕለቱን ነገር ግን በወሬ ተጣሞ ሳይሆን ሙሉውን ከእኔው እንድትሰማው ፈለግሁ።

ነገሩ ምን እንደሆነ ደጋግሜ ነግሬሃለሁ። ሳይንሳዊና ምናባዊ ልብወለድ የምንወድ፣ በቴሌግራም የተገናኘን ሰዎች ነን፤ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ፣ ከውጫሌ። ከኋላችን የቆመ ድርጅት የለም። ስልክ ጠጋኙ ሙሐዲን ድምፅ ማጉያ ይሸከማል፤ እኔ ከጤና ጣቢያው ላብራቶሪ ስወጣ ፕሮግራም አወጣለሁ፤ ሌላው ከጎረቤት ወንበር ይለምናል። በዓመት አንድ ቀን ተሰብስበን የጻፍነውን እናነባለን፣ ስለ ሌሎች ዓለማት እንከራከራለን፣ የወደድነውን ገጸ ባሕርይ ለብሰን እንታያለን። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተራው እኛው ከተማ ሐይቅ ደረሰ።

ወደዚህ ነገር ያስገባኸኝ እኮ አንተ ነህ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስን ሰሞን ሐይቁ ዳር ተቀምጠን፣ «ጨረቃ ላይ ከተማ ቢቆረቆር ውሃ ከየት ይቀዳ ነበር?» አልከኝ። መጀመሪያ ሳቅሁብህ። ከዚያ ግን ጥያቄህ ከአእምሮዬ አልወጣ አለና ቁጭ ብዬ የመጀመሪያ ታሪኬን ጻፍኩ። አንብበህ ስትመልስልኝ «ውሃ ቀጂዋን አትግደያት» ብቻ ነበር ያልከው። አልገደልኳትም። አንተንም የወደድኩህ ያን ጊዜ ነው።

በኋላ አባትህ ጅዳ ላይ አረፉ፣ አላህ ይዘንላቸው፤ የቤቱም ሸክም ካንተ ትከሻ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ስለማንኛውም ነገር መጀመሪያ የምታስበው «ሰው ምን ይላል» የሚለውን ሆነ። አልፈርድብህም። ግን ስትለወጥ አይቻለሁ።

የጉባኤው ዕለት ጠዋት የአዳራሹ ባለቤት ደወለልኝ። «ልጄ፣ የኔ የሰርግ አዳራሽ ነው» አለ። «የላብራቶሪዋ ልጅ ጭምብል አልብሳ ጂን ልታስጠራ ነው እየተባለ ነው። ጂን የተጠራበት አዳራሽ ውስጥ ማን ልጁን ይድራል?» ብለምነው ብማጸነው ወይ ፍንክች አለ።

የደሴዎቹ ሚኒባስ ደርሶ ነበር። ሰዎቹ ጭምብላቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ከተዘጋው በር ፊት ቆመዋል። ሙሐዲን ወደ ጎን ወሰደኝና «ኩልሱም፣ እንበትነው ይሆን?» አለኝ።

«አይበተንም» አልኩት። «አንተ ቦታ ፈልግ። እኔ የወሬውን ባለቤት ላናግር።»

የወሬው ባለቤት ማን እንደሆኑ ታውቃለህ።

እናትህ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። ሰላምታዬን ተቀብለው ቀና ሳይሉ፣ «ዛሬ አይደል እንዴ ሥራሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ ሀዲያ። አዳራሹን ተከለከልን።»

«ደግ አደረገ።»

«ጂን ይጠራሉ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

አሁን ቀና አሉ። «ፊቱን የሸፈነ ሰው ታዲያ ማንን ሊጠራ ነው? መላእክትን?»

«ማንንም አንጠራም። ታሪክ ነው የምናነበው። መጥተው በዓይንዎ ይዩት። የማይሆን ነገር ካዩ እዚያው ይበትኑት፤ አልቃወምዎትም።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

ምስሩን ለቅመው እስኪጨርሱ እዚያው አቆሙኝ። ከዚያ እህትህን ጠሩና «ሱረያ፣ ጉፍታዬን አምጪልኝ፤ አንቺም ተከተይኝ» አሏት። ጉፍታውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ቀደሙኝ።

ሙሐዲን የአክስቱን የእህል መጋዘን አግኝቶ ነበር። መብራት የለውም፤ ያን ሁሉ መንገድ የተሸከመው ድምፅ ማጉያ ከንቱ ቀረ። ሁለቱን በሮች ከፍተን፣ ግማሹ ጆንያ ላይ ግማሹ መሬት ላይ ተቀመጠ። እናትህ በሩ አጠገብ ያለው ጆንያ ላይ ሆነው ሙስበሃቸውን አውጥተው ይቆጥሩ ጀመር። ወዲያው ብር ቀለም የተቀባ ሮቦት አጠገባቸው ሲደርስ «አዑዙ ቢላህ» ብለው ደንገጥ አሉ፤ ቀጥለውም አተኩረው አዩት።

«ይሄ የዋሲላ ልጅ ሙሐዲን አይደለም እንዴ?»

«ነኝ፣ እትዬ» አለ ከውስጥ።

«ካርቶን ለብሰህ ነው ያስደነገጥከኝ?»

መጋዘኑ በሳቅ ሞላ። ሙስበሃውን ግን አልከተቱትም።

ክርክሩን የመራው መዝገቡ ነው፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚማረውና ስለ ጠፈር መርከበኞች የሚጽፈው ዲያቆን። እህትህ ሱረያ ድንገት እጇን አወጣች። «በጠፈር መርከብ የሚጓዝ ሰው ሊሰግድ ሲነሣ የሚዞርበትን ቂብላ በምን ያውቃል?» አለች። መዝገቡ አሰብ አደረገና «ጥያቄው የእኛም ነው» አላት። «ወደ ምሥራቅ ዞረን ነው የምንጸልየው። ፀሐይ የማትወጣበት ቦታ ላይ ምሥራቁ ወዴት ነው?» ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። አንዱ መርከቡን ራሱን ወደ መካ እናዙረው ይላል፤ ሌላው ለኢየሩሳሌም የሚሆን ሌላ መርከብ ሊጨምር ነው።

«መንገደኛ አይደለም እንዴ?» አሉ እናትህ ከጆንያቸው ላይ። «ወደመሰለው ዞሮ ይስገድ። መንገደኛ ይቀልለታል።»

ሰው አጨበጨበላቸው። እሳቸው ጉፍታቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ፤ ፈገግታቸውን ሲሸፍኑ ግን አይቻቸዋለሁ።

ከዚያ የኔ ተራ ሆነ። የዚያችን የጨረቃ ከተማ ውሃ ቀጂ ታሪክ አስፍቼ ጽፌው ነበር። ድምፅ ማጉያ የለምና ጮክ ብዬ አነበብኩ። መጨረሻው ላይ ከከተማዋ መሥራቾች አንዱ የሆነ ሽማግሌ ይሞታል። ስጨርስ እናትህ ጠየቁኝ።

«ያ ሰውዬ የት ተቀበረ?»

«እዚያው ጨረቃ ላይ፣ እትዬ።»

«አፈሩ ባዕድ ነው። ባዕድ አፈር ሰውን ይከብደዋል?»

ጅዳ ያለውን የአባትህን መቃብር አንድ ቀን እንኳ እንዳላዩት ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። «አላውቅም። አላሰብኩበትም» አልኳቸው።

«እንግዲያ አስቢበት» አሉኝ በዝግታ። «እንዲያ ርቆ የቀረ ሰው፣ ከኋላው እንዲህ እያለች የምትጠይቅ አለችው።»

መዝገቡ «ነፍስ ይማር» አለ፤ ሌሎቹ «አላህ ይዘንለት» አሉ። ከተወለድኩ ጀምሮ ስለጻፍኩት ነገር እንደዚያ ያለ ጥያቄ ቀርቦልኝ አያውቅም።

እናትህ ከሰዓት በኋላ እስከሚሰገደው የዐስር ሰላት ድረስ አልተነሡም። ሲሄዱ እጄን ያዙና «ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔው እመልሰዋለሁ። ለሙአዊያም እደውልለታለሁ» አሉኝ። ሁለቱንም አደረጉ።

ከዚያ አንተ ደወልክ። «እናቴ ፈቅዳለች፤ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ» አልከኝ። ደስ ብሎህ ነበር። እኔ ደግሞ ጠበቅሁህ። ምን አነበብሽ፣ ማን መጣ፣ እናቴ ምን አለች ብለህ እንድትጠይቀኝ። አልጠየቅህም። «ከእንግዲህ ግን ይብቃሽ፤ ትዳር ከያዙ በኋላ አያምርም» አልክ። እኔም መስመሩ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁ። መስመሩ ደህና ነበር።

ሙአዊያ፣ የጎደለኝ ፈቃድ አልነበረም። እናትህ ጠልተውኝ መጡ፤ አይተው ጠየቁኝ። አንተ ግን እየወደድከኝ ሳትጠይቀኝ ቀረህ። ስንት ጊዜ ባገላብጠው ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁለትም። እንዲያ ስትጠይቀኝ የነበርክ ሰው መጠየቅ ካቆምክ፣ አብረን ስንኖር ምን እንደምናወራ አላውቅም። አልጠላሁህም፤ ይህን ስጽፍ አልቅሻለሁ። ቢሆንም ሐሳቤ አይለወጥም።

የሚቀጥለው ጉባኤ ውጫሌ ነው፤ ማዘጋጀቱን እኔ ተቀብያለሁ። ስለ መቃብሩ የምጽፈውን ጀምሬዋለሁ፣ እዚያ ይነበባል። ሱረያም የራሷን እየጻፈች ነው፤ እባክህ አንተ አታስቁማት፣ እናትህ አላስቆሟትም። መምጣት ከፈለግህ እንደ ማንኛውም ሰው መጥተህ ተቀመጥ፤ ወንበር አይጠፋም።

ሽማግሌዎቹን ግን አትላክ። ቢመጡ አባቴ በክብር ይቀበላቸዋል፣ ምሳም ይበላሉ፤ መልሴ ግን እምቢ ነው። ትልልቅ ሰዎችን በዚህ ፀሐይ በከንቱ አታድክምብኝ።

አላህ በሥራህም በመንገድህም ይጠብቅህ።

ዑምኩልሱም
ከሐይቅ