የተረገጠው ወረቀት

ታኅሣሥ 4
የምዘፈዝፈውን ወረቀት ሰብስቤ ጨረስኩ። አሮጌ ደብተር፣ የፈተና ወረቀት፣ የሠርግ መጥሪያ፣ ያምናው የገና ካርድ… ውሃ ሲጠግብ በሳፋ እረግጠዋለሁ፣ እንደ ምርጊት ጭቃ። ከዚያ ወንፊት፣ ከዚያ ጨርቅ፣ ከዚያ ፀሐይ። ሲደርቅ ሻካራ ካርድ ይወጣዋል። ስጦታውን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ በስንደዶ አስራለሁ። ብልጭልጭ የለም። ፕላስተር የለም።

የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር አቶ ይስማው ሁለት መቶ አዘዋል። ለጡረተኞች፣ ለታመሙ፣ ለመምህራን። "ካማረ በየዓመቱ ያንቺን ነው። ካላማረ ግን ዝናሽ፣ ወደ ብልጭልጩ እመለሳለሁ።" ስቀው ነው ያሉት። እየሳቀ የሚያስጠነቅቅ ሰው ያስፈራኛል።

አምና ከገና በኋላ የጎረቤቴ የካሤ ፍየል ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። ቀዷት። ከሆዷ የወጣውን የስጦታ ሪባን ካሤ በእንጨት አንስቶ አሳየኝ። "የናንተ ስጦታ ነው" አለ። እውነቱን ነው። የጠቀለልኩት እኔ ነበርኩ።

ታኅሣሥ 7
ሪሃና መጣች። ሳልጠራት። ዘንድሮ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ የምትጠብቅ ልጅ። ብልጭልጩን ወረቀት ሰቆጣ ላይ የሚሸጡት አባቷ፣ ጋሽ ዓብዱልቃድር ናቸው። የእሳቸው ልጅ የእኔን ወረቀት ልትረግጥ ለምን መጣች?

"አባትሽ ምን ይላሉ?"

"ይስቃሉ። 'ዝናሽ ሱቄን ልታዘጋኝ ነው' ይላሉ።"

"አንቺስ?"

"እኔማ ቤት መቀመጥ ሰልችቶኝ ነው፣ እትዬ።"

መልሱ ፈጠነብኝ።

ታኅሣሥ 9
እጇ ቀልጣፋ ነው። ግን ከመዘፍዘፏ በፊት ወረቀቱን አንድ በአንድ ታገላብጣለች። ምን ታነባለች?

ታኅሣሥ 11
አየሁ። አንዳንዱን ለይታ በከረጢቷ ትከታለች። የሠርግ መጥሪያ፣ ያምናውን ካርድ… ወፍራም ወፍራሙን። ካርድ የሚያጠነክረው እሱ ነው።

አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ትተወዋለች፤ እኔም ሳላውቅ እቀራለሁ። ብልህነት ነው ይሄ? ወይስ ፍርሃት?

ታኅሣሥ 14
በስልክ ስታወራ ሰማኋት። "አዎ አባዬ… ዛሬም አለ። ይዤ እመጣለሁ።"

ምኑ ነው ያለው?

ታኅሣሥ 16
ከገበያ ስመለስ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማለች። ከረጢቱን ለዘበኛው ለገብረ አምላክ ሰጠችው። የሚደብቅ ሰው ዙሪያውን ያያል። እሷ አላየችም። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ። እሱ ደግሞ ለምን ፈለገው? ስንት ሰው ነው ከእኔ ጆንያ የሚካፈለው?

ታኅሣሥ 20
ትናንት ገብርኤል ነበር፤ አልሠራንም። ዛሬ ነገርኳት።

"ሪሃና፣ የቀረውን ብቻዬን እጨርሰዋለሁ።"

"ምን አጠፋሁ፣ እትዬ?"

"ምንም።"

ከረጢቷን አየሁ። ማየቴን አየች። እጇን ታጥባ ወጣች።

መቶ አርባ ካርድ ደርሷል። ስልሳ ይቀራል።

ታኅሣሥ 22
የመጨረሻውን ጆንያ እንዳለ ዘረገፍኩት። ማን ያገላብጣል? ረገጥኩት። ብቻ መሆን እንዴት ይቀላል።

ታኅሣሥ 23
አከራዬ እማማ ማሬ የተሰጣውን ሊያዩ ጎንበስ አሉ። ቀና ሳይሉ ቆዩ።

"ዝናሽ። ይሄ ምንድን ነው?"

ጣታቸው ሥር ግማሽ ፊት። አንድ ዓይን፣ የወርቅ አክሊል ቁራጭ። ያምናው ካርድ… እመቤታችን።

"በእግርሽ ነው የምትረግጪው አላልሽኝም?"

"እማማ፣ ሳላየው…"

"ሳላየው! የዓብዱልቃድር ልጅ ያየችውን?"

"ምን አየች?"

"የእግዜር ስም ያለበትን፣ ሥዕል ያለበትን ስትለቅም አልነበር? የኛን ለገብረ አምላክ ትሰጣለች፤ ቅጥር ግቢው ውስጥ ያቃጥለዋል። የነሱን ላባቷ። አብራሽ ውላ አልነገረችሽም?"

አልጠየቅኋትም።

አማተቡ። በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ የሆነ ነገር አጉረመረሙ። ትርጉሙን ባላውቀው ይሻለኛል።

ሥዕል እንደማይረገጥ ጠፍቶኝ ነው? አውቃለሁ። ግን ያን ሁሉ ቀን ወረቀቱ ላይ ያየሁት ውፍረቱን ብቻ ነበር። እሷም ሳይነገረኝ የማውቅ መስሏት ይሆናል።

ታኅሣሥ 24
ወሬው ቀድሞኝ ትምህርት ቤት ገብቷል። አቶ ይስማው አልሳቁም።

"የትኛው ንጹሕ፣ የትኛው የተረገጠ እንደሆነ ማን ይለየዋል? ሰው ቤቱ አያስገባውም። ሁሉም ይቅር። ብልጭልጩን እናዛለን።"

የሚለየው ሰው አለ።

ታኅሣሥ 25
ሱቃቸው ሄድኩ። ብልጭልጩ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሪሃና ከአባቷ ጎን ቆማለች።

"ሌባ መስለሽኝ ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ፣ እትዬ።"

ጋሽ ዓብዱልቃድር በሳቅ ፈረሱ። "ወረቀት ልትሰርቅ? ወረቀት ሞልቶ ከፈሰሰበት ቤት!" እሷ አልሳቀችም።

የለየችውን መምህራኑ ፊት እንድትናገርልኝ ለመንኳት። ወደ አባቷ ዞረች። እኔም ዞርኩ… እሷ ከመጣች የሳቸው ብልጭልጭ አይሸጥም። አሁን ይከለክሏታል አልኩ በሆዴ። አሁንም እየጠረጠርኩ!

"ሂጂ" አሏት። "እውነት በመናገር ሱቅ አይዘጋም።"

ታኅሣሥ 26
መምህራኑ ፊት ቆመች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

"እስከ ገብርኤል ያለውን አንድ በአንድ ያየሁት እኔ ነኝ። ስምም ሥዕልም አልገባበትም።"

"በምን እናምናለን?" አለ አንዱ።

"ገብረ አምላክን ጠይቁት።"

አስጠሩት። ገና ያላቃጠለውን ይዞ መጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። መላእክት፣ ማርያም፣ "በስመ አብ" የሚሉ የሠርግ መጥሪያዎች… አንድም ጥግ አልታጠፈም።

"እኔ እንኳ እንዲህ አልለቅምም" አለ ገብረ አምላክ።

አቶ ይስማው አንዱን ካርድ አንስተው ዳሰሱት። "መቶ አርባው ይሰጥ።"

ስልሳውን እኔ ራሴ ተሸክሜ ለገብረ አምላክ ወሰድኩ። ሲነድ ቆሜ አየሁ። ሳፋውንም አብሬ ባቃጥለው ደስ ባለኝ።

ጥር 2
ገና አለፈ። መቶ አርባ ካርድ፣ መቶ አርባ የጨርቅ ጥቅል። ለስልሳው ሰው በቃል ብቻ እንኳን አደረሰዎ አልን። አንድ ጡረተኛ ጨርቁን እንደ ሻሽ አስረውት አየሁ።

ጥር 15
ለትንሣኤም ታዘዘ። ሪሃናን ጠራኋት፤ መጣች። አትመጣም ብዬ ነበር።

አብረን አገላብጠን አብረን ለየን። ሥራው እንደ ድሮው ነው። እሷ ግን…

"ይሄን ልዘፍዝፈው፣ እትዬ?"

"ዘፍዝፊው።"

"ይቺን ቁራጭ ልጣላት?"

"ጣያት።"

"ወንፊቱን ላንሳው?"

ድሮ አትጠይቅም ነበር። ትሕትና ነው? ቅጣት ነው? ፊቷን አጠናሁት። ምንም አይነበብበትም። ደግሞ እንደገና ፊቷን እያጠናሁ ነው…

ቀትር ላይ ፀሐዩ በረታ። እንስራው አጠገቧ ነው፤ ጣሳው ክዳኑ ላይ ነው። እጇን ዘርግታ መለሰችው።

"እትዬ፣ ውሃ ልጠጣ?"

"ጠጪ" አልኳት። እስክትጨርስ ወደ ሌላ አየሁ።