ሰው የለባትም ስለተባለችው የሲሚንቶ መርከብ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ የባሕር ዳርቻ ጽዳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ላ ጋርሳ፣ ሰሜን ኩባ

ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

አስቀድሜ በዳቦ ሰልፍ ላይ ስለ እኔ የሚወራውን ላርም። «ኤኔይዳ ከምራቷ ጋር ተጣልታ መርከቧ ለመኖሪያ ትሰጠኝ ብላለች» ይባላል። ምራት የለኝም። ቢኖረኝማ የምጣላው ሰው ስለሰጠኝ እግዚአብሔርን ባመሰገንሁ ነበር። የጠየቅሁት ከመንደራችን ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ አሸዋ ላይ የተቀመጠችው አሮጌ የሲሚንቶ መርከብ በፈንጂ እንዳትፈርስ ብቻ ነው።

ለጽሕፈት ቤትዎ ያለኝ ምስጋና የሚከተለው ነው።

1. መርከቧን ቆራርጠው ለብረት ማቅለጫ እንዲወስዷት የብየዳ ሠራተኞች ስለላኩልን አመሰግናለሁ። አለቃቸው ሪጎቤርቶ ጎኗን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ አዳመጠና «እማማ፣ ይቺማ ግድግዳ ናት» አለኝ።

«መርከብም ግድግዳም ናት።»

«ታዲያ በምን ልቁረጣት?»

«በመጋዝ ሞክር። ጡረታ ስትወጣ ትጨርሳታለህ።»

ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር የሳቀ ሰው የለም።

2. መቁረጡ ሳይሳካ ሲቀር በፈንጂ ትፍረስ ብለው ያወጡት ማስታወቂያ «ለምንም ያልዋለች ስባሪ» ይላታል። በጦርነት ጊዜ ብረት ጠፍቶ በሲሚንቶ የተሠራች ነዳጅ ጫኝ ነበረች። እዚህ ከተቀመጠች በኋላ የሞላሰስ ማከማቻ፣ ከዚያ እስር ቤት፣ ከዚያ የዓሣ አጥማጆች መጠለያ፣ በመጨረሻም ሆቴል ሆናለች። ባለቤቴ ኤሊሴዮ የሆቴሉ ዘበኛ ነበር። ሆቴሉ ሲዘጋ ዘበኛውን ማሰናበት ተረሳ፤ እኛም አላስታወስናቸውም። እሱ እስኪሞት ድረስ እዚያው ኖርን።

3. «ሰው ስለሌለባት ፍንዳታው ማንንም አይጎዳም፤ ሰው ቢገኝባት ግን ሥራው ይቆማል» ብለው ጽፈዋል። በሰዋስው ረገድ እንከን የለውም። ውሃው ወደ ባዶ ታንኮቿ ሲገባና ሲወጣ መርከቧ ድምፅ ታሰማለች። ኤሊሴዮ «ስሚ፣ አሮጊቷ ታንኮራፋለች» ይል ነበር።

«የትኛዋን ማለትህ ነው?»

«እሷን ነው። አንቺማ ስታንኮራፊ ማዕበል ነው።»

አሁን የምኖረው መንደር ውስጥ፣ የሚያንኮራፋም በር የሚያንኳኳም በሌለበት ክፍል ነው። በእርስዎ ሚዛን ከሆነ ይህም ቤት ሰው የለበትም፤ እባክዎ ከሚፈርሱት መካከል አይመዝግቡት።

ባሕሩን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያዩ የባሕር ዳርቻን ለመምራት ስላስቻለዎ ብርቱ ችሎታ ያለኝን አክብሮት በትሕትና እገልጻለሁ።

ኤኔይዳ ፉንዶራ፣
ያልተሰናበተው ዘበኛ ሚስት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ፈንጂው ከነገ ወዲያ እንደሚጠመድ ሰምቻለሁ። በጽሑፍ ያሰፈሩትን ቃል እንደሚያከብሩ ስለማምን፣ ነገ በማለዳ ዓሣ አጥማጁን ኤቤሊዮን በጀልባው መርከቧ ድረስ እንዲያደርሰኝ እለምነዋለሁ። ውሃና ሩዝ እይዛለሁ። ክፍላችን ገብቼ የወፍ ኩሱን እጠርጋለሁ። ከዚያም አንሶላዬን አጥቤ፣ ከባሕርም ከየብስም እንዲታይ አድርጌ አሰጣዋለሁ።