የሐሙሱ የምክር ክፍል ለአዋቂዎችም እንዲከፈት

ለዘንገና በር የምክርና የማኅበራዊ ድጋፍ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
እንጅባራ

ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

አመልካች፦ ፍቅርአዲስ አወቀ፣ ልብስ ሰፊ፣ ዳንግላ

ጉዳዩ፦ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ ሆናችሁ ተብለን የተቋረጠብን የምክር አገልግሎት እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፤

ጊዜዎን እንደማልሻማ ቃል ገብቼ ብጀምር ደስ ባለኝ። ነገር ግን የማመለክትበት ጉዳይ ራሱ ካንዱ ነገር ወደ ሌላው መዝለሌ ስለሆነ፣ ከመስመር ስወጣ ቢያገኙኝ እንደ ማስረጃ እንዲቆጥሩልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. እኔ በዳንግላ ከተማ ከመናኸሪያው ጀርባ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ነኝ። እጄ ፈጣን ነው፤ ይህን ደንበኞቼም አይክዱም። ችግሩ ቀልቤ ነው። የአንዱን ኮት ስቆርጥ የሌላዋ ቀሚስ ጥልፍ ትዝ ይለኛል፤ ጥልፉን ስጀምር ክር ያልቅብኛል፤ ክር ልገዛ ወጥቼ ሽንኩርት ይዤ እመለሳለሁ። ለአንድ የግምጃ ቤት ከተማ ሙሽራ የሰፋሁት ኮት ሁለቱም እጅጌው የግራ ሆኖ ተገኝቶ፣ ሚዜዎቹ "ኮቱን እናዙረው ወይስ ሙሽራውን?" እያሉ አስቀውብኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ "ቀልብሽን ሰብስቢ" ያላለኝ ሰው የለም። እንዴት እንደሚሰበሰብ የነገረኝ ግን አልነበረም።

2. ወደ ማዕከልዎ መጀመሪያ የመጣሁት ለራሴ ጉዳይ አልነበረም። ጎረቤቴ ለልጇ ዊልቸር ልትጠይቅ ስትመጣ አጅቤያት ነው። ተራ ስንጠብቅ ውኃ ልጠጣ ተነሣሁና ስመለስ ሌላ በር ከፍቼ ገባሁ። ውስጥ የምክር ባለሙያው አቶ እንየው አድማሴ ለተሰበሰቡ ሰዎች ስለ ትኩረት ማነስ ያስረዱ ነበር። "የቤት ቁልፍ በእጁ ይዞ ቁልፍ የሚፈልግ አለ?" ሲሉ እጄን አወጣሁ። "ጀምሮ የማይጨርስስ?" አሁንም አወጣሁ። "ሰው ሲያናግረው ሐሳቡ የሚሄድበትስ?" የሚለውን አልሰማሁትም፤ መጋረጃው በተጣመመ ስፌት ተሰፍቶ እሱን እያየሁ ነበር።

አቶ እንየው ጠጋ ብለው "እኅቴ፣ ማን ልኮሽ ነው?" አሉኝ።

"ማንም። በር ተሳስቼ ነው" አልኳቸው።

"ተሳስተሽ ከገባሽማ ክፍሉ ያንቺ ነው" ብለው ወንበር ሳቡልኝ።

ከዚያም ሐኪም ዘንድ ልከው አስመረመሩኝ። ነገሩ አብሮኝ የተወለደ፣ አእምሮዬ የሚሠራበት መንገድ እንደሆነና ስንፍና አለመሆኑን ያን ቀን ሰማሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳለቅስ ጥበቃው ደንግጦ "ማን ሞተ?" አለኝ። "ማንም አልሞተም። ሰነፍ አይደለሽም ተብዬ ነው" ስለው ግራ ቢገባውም መሐረቡን ሰጠኝ።

3. የተሰጠኝ ድጋፍ ስብከት አልነበረም። "ከመቀስሽ ፊት አንድ ጨርቅ ብቻ ይቀመጥ" ተባልኩ። የቀረውን ጎረቤቴ ቤት አኖርኩት፤ የያዝኩትን ጨርሼ ካላሳየኋት ሌላ እንዳትሰጠኝም ተስማማን። ስለምናት እንኳ አትሰጠኝም፤ ጨካኝ ሴት ናት። በዓመቱ የሰርግ ወቅት ሲመጣ ልብሶቹ ሁሉ ሰርጉ ሳያልፍ ደረሱ። ይህ ለሌላ ልብስ ሰፊ ተራ ነገር ነው፤ እኔ ቤት ግን እናቴ እልል ብለውለታል።

4. ባለፈው ኅዳር እንደ ልማዴ ሐሙስ ስመጣ ክፍሉ ተቆልፎ፣ አገልግሎቱ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ለሆኑ ብቻ ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎበት አገኘሁ። በመስኮቱ ያለውን መዝጋቢ ጠየቅሁት።

"ይኼ የልጆች ነገር ነው። ሲያድጉ ይተዋቸዋል" አለኝ።

"እኔን አልተወኝም" አልኩት።

"እንግዲያው ልጅ ካለሽ ይዘሽ ነይ።"

ልጅ የለኝም። በሚቀጥለው ሐሙስ ታዲያ እኔ ልጅ የሆንኩላቸውን ሰው ይዤ ቀረብኩ። እናቴ ወይዘሮ እታለማሁ ከአማርኛ ይልቅ አዊኛ ይቀናቸዋል፤ ያን ቀን ግን አማርኛው አላነሳቸውም።

"ልጄን መዝግብልኝ" አሉት።

"ዕድሜዋ ስንት ነው?"

"የመጀመሪያ ልጄ ናት።"

"እማማ፣ ዕድሜዋን እኮ ነው የጠየቅኩዎ።"

"ከእኔ ታንሳለች" አሉት።

ሰልፈኛው በሙሉ ሳቀ፤ መዝጋቢውም ሳቀ። ጨዋ ልጅ ነውና በዚህ አቤቱታ ምክንያት እንዳይቆጡብኝ አደራ። ሆኖም አልተመዘገብኩም። እናቴ እየወጡ በአዊኛ የተናገሩትን ወደ መሥሪያ ቤት በሚገባ ጽሑፍ ላይ አልተረጉመውም።

5. ያለ ባለሙያም ሞክረነዋል። ሐሙስ ሐሙስ በክፍሉ እንገናኝ የነበርን አዋቂዎች እኔ ሱቅ ተሰብስበን እርስ በርሳችን ልንመካከር ጀመርን። ሁላችንም ባንድ ጊዜ ተናገርን። እኔ ለሰዉ ሻይ ላዝዝ ወጥቼ ራሴን ገበያ መሀል ዶሮ ስመርጥ አገኘሁት። ስመለስ ሁሉም ሄዷል። እስከዚህ ድረስ ያለውን እየሳቁ አንብበውት ከሆነ አልከፋም፤ እኛም ስቀንበታል። የሚቀጥለው ግን አያስቅም።

6. ከመካከላችን አንዱ የጥሊሊው አቶ ተሻገር ቢሻው ነው። እህል መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ ኦቲዝም ያለበት ሰው ነው። ጩኸት ያመዋል። ሲናገርም አያለሳልስም፤ የተዋወቅን ዕለት "ቀሚስሽ አያምርም፤ ስፌቱ ግን ጥሩ ነው" ብሎኝ ነው ወዳጆች የሆንነው። አለቃው ሲጮኽበት ሥራውን ጥሎ ይወጣ ነበር። አቶ እንየው አለቃውን አነጋግረው የዕለቱ ሥራ በጽሑፍ እንዲሰጠው አስማሙለት፤ ከዚያ ወዲያ ተሻገር ደኅና ሠራ። ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ አለቃው ተቀየረ። አዲሱ አለቃ ጮኸ፤ የሚያስረዳለት ሰው የለም፤ ተሻገር ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሥራም፣ ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም ቀረ። ባለፈው እሑድ ሄጄ አንኳኳሁ።

"ሐሙስ ተከፈተ?" አለኝ ከውስጥ።

"ገና ነው።"

"ታዲያ ወጥቼ የት ልሂድ?"

ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ እስከ ዳንግላ ድረስ ስለ እሱ ብቻ ሳስብ መጣሁ። ካንዱ ሐሳብ ሳልነቃነቅ ይህን ያህል መንገድ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው።

7. ስለዚህ የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ እንየው ወደ ሕፃናቱ ክፍል መዛወራቸውን አውቃለሁ፤ ከሕፃናቱ ነጥቄ መጠቀም አልሻም። እነሱም ያድጋሉና፣ ሲያድጉ የሚሄዱበት እንዳያጡ ጭምር ነው የምናገረው። የምለምነው የሐሙስ ከሰዓት በኋላው ክፍል ለአዋቂዎች ተከፍቶ አቶ እንየው ለዚያች ግማሽ ቀን እንዲመለሱልን ነው። ከዚያም አስቀድሞ፣ ነገ ዛሬ ሳይባል፣ ከማዕከሉ አንድ ሰው ወደ ጥሊሊ ሄዶ የመጋዘኑን አዲስ አለቃ እንዲያነጋግርልን አመለክታለሁ። መልሱ በጽሑፍ ይሁንልኝ፤ በስልክ የተነገረኝ ነገር ከእኔ ጋር ብዙ አይቆይም።

8. ይህችን አንቀጽ የጨመርኳት ሌላውን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ትናንት ወረቀቱን ጥሊሊ ወስጄ ከአቶ ተሻገር በር ሥር አስገባሁለት። አንብቦ ጨረሰ። ከዚያ "በጣም ረዝሟል። ግን እውነት ነው። እፈርማለሁ" አለ። ቀጥሎም "ብዕር የለኝም" አለ። እኔም ፈልጌ አጣሁ። ከኪሴ የተገኘው ሰማያዊ የልብስ ጠመኔ ብቻ ሲሆን፣ እሱ ደግሞ ወፍራም ስለነበር በበሩ ሥር አልገባም አለ። ተሻገር በሩን ከፈተ።

ፊርማው እንዳይለቅ ወረቀቱ በጥንቃቄ ይያዝልን።

ከሁለታችንም የአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ፍቅርአዲስ አወቀ (ፊርማ)
ተሻገር ቢሻው (ፊርማ፣ በጠመኔ)