«ሀገሬ» የተባለችው ፌንያ

ይድረስ ሞስኮ ላለው አበልጄ፣

የቆሰለው እግርህ በዚህ እርጥብ ጸደይ እንዴት ይዞሃል? ክንድህስ አኮርዲዮኑን ይችለዋል? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴን ያመኛል፣ ጥርስም የለኝም፤ ደግነቱ የጎመን ሾርባ ጥርስ አይፈልግም። ፊደል እንደማልቆጥር ታውቃለህ፤ ይህን የምትጽፍልኝ ራሷ ፌንያ ናት። ሚስቴ እያለች ጎረቤት አልለምንም።

የላክኸው ሁለት ትኬት ደርሶናል። «ከሚስትህ ጋር መጥታችሁ የሆኪውን የመጨረሻ ጨዋታ እዩ፣ ዘፈናችንን ሕዝብ ሲዘፍነው ስሙ» ብለሃል። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ባለፈው እሑድ የሆነውን ስማ።

ከቼኮቹ ጋር ስንጫወት ሰዉ ሁሉ የመንደሩ ክበብ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩሏል። ታንኮቻችን አገራቸው ከገቡ ወዲህ ቼኮቹ በዱላ የሚመቱት ያቺን ጥቁር ጎማ ሳይሆን የልጆቻችንን ቁርጭምጭሚት ነው። ጨዋታው ሳይጀመር ሜዳው ላይ የቆሙት ዘማሪዎች ያንተን ዘፈን አነሡ። ያንተ ልበለው እንጂ ዜማው የኔ ነው፤ በሠርጌ ማግሥት በዚህ ጣቴ ያወጣሁት። ግጥሙ ያንተ ይሁን። «ፌንያ ሆይ፣ በሩ ላይ ጠብቂኝ» ነበር የሚለው። የሞስኮ ሹሞች ስሟን ፍቀው «ሀገሬ ሆይ» አስባሉት። አልከፋኝም። ሺህ ጎረምሳ የሚስቴን ስም ከሚጮህ የአገሩን ይጩህ።

«ሀገሬ» ሲባል የክበቡ ኃላፊ ደረቱን ነፍቶ ተነሣ፤ ሰዉም ተከተለው። ፌንያ ብቻ አልተነሣችም። ጎረቤታችን ሳቬሊ፣ ያ ምላሰ መርዝ፣ በሙሉ ስሟ ጠርቶ፣ ምነው ፌዶስያ፣ ለሀገርሽ አትነሺም? አላት። ወደ እኔ ዞረና፣ አንተ ሽማግሌ፣ ሚስትህ እኮ የመንግሥት ንብረት ሆናለች፤ ከእንግዲህ አጠገቧ ስትተኛ ቆብህን አውልቅ አለኝ። ክበቡ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ሦስተኛው አንጓ መጣ። እዚህ የምንዘፍነው ሁለት ብቻ ነበር፤ ይኸኛውን በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም። ጎርፉ መንደሩን ስለከበበበት ጸደይ ይላል፤ በጀልባ እስከ ቤት ጣሪያ ቀዝፎ ስለመጣ ሰው፣ እዚያው ጭስ ማውጫው ሥር ጠጉሯን ስለምታደርቅ ሴት። ያ ጎርፍ የመጣው አንዴ ነው። ያን ጸደይ እኔ ገና ጦር ሜዳ፣ ጀርመን አገር ጭቃ ውስጥ ነበርሁ፤ አንተ እግርህን ተመትተህ ቀድመኸኝ መንደር ገብተሃል። ገጣሚ ይዋሻል ብዬ ላልፈው ነበር። ዞር ስል የፌንያ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ዘፋኙን በአንድ ቃል ትቀድመው ነበር።

ቤት ስንገባ፣ ከየት ተማርሽው? አልኋት። ከሬዲዮ አለች። ሬዲዮናችን ከድንች ለቀማ ወዲህ ዲዳ ነው፤ ዘፈኑ በሬዲዮ መሰማት የጀመረው ከዚያ በኋላ።

አበልጄ፣ ልጄን ከጠበሉ ያነሣኸው ከጦርነቱ በፊት ነው፤ ካህኑን ከሹሞች ደብቀን። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለፌንያ ወንድሟ ነህ። የአበልጅ ነገር በሰማይ እንደሚያስጠይቅ ፓርቲ ባትገባ ኖሮ አትረሳውም ነበር። እኔ የምጠይቅህ የለም። ሰው የሚጠይቀው የማያውቀውን ነው።

የትኬቱ መልስ አንድ ቃል ነው፤ አልመጣም።

መጀመሪያ ያልሁት «አንመጣም» ነበር፤ ይህን ስል ብዕሯ ቆመ። ጻፊ እንጂ አልኋት። አልጻፈችም።  አላየኋትም፤ መስኮቱን ነው ያየሁት። እንግዲያው «አልመጣም» ብለሽ ጻፊ አልኋት። ልዩነቱ ስንት ፊደል ነው? ብላት፣ አንድ አለችኝ። ጻፈችው።

ስለ ራሷ ራሷ ትጻፍ፤ ብዕሩ በእጇ ነው። ከፊርማዬ በታች የምታገኘው ካለ የሷ ነው። አንብቢልኝ አልላትም።

እግዚአብሔር እግርህን ያጽናልህ፤ ከቤትህ ቅዝቃዜ አይግባ። ዘፈኑን ስትመራ ዜማውን አታፍጥነው፤ ቀስ ተብሎ የወጣ ነው።

የዜማው ባለቤት፣ አበልጅህ