ሬድዮኑ ዝም ያለበት ቦታ

ለቀድሞ ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? የሎጊያ ሙቀት ጠናብህ ወይስ ለመድከው? ያምህ የነበረው ወገብህስ? በየሾፌሩ የምትልከው ሰላምታ ይደርሰኛል፤ ዛሬም ብቻህን እንደምትኖር ይነግሩኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው፤ ዘንድሮ ጀሪካንና ሸራ ይሄዳል። ስልክህ አለኝ፤ ይህን በስልክ ብነግርህ ግን የዋጋ ክርክር ይመስልብኛል ብዬ ጻፍኩት።

ባለፈው እሁድ የወንድሜ ልጅ ሜላት መጥታ በስልኳ አንድ ዘጋቢ ፊልም አሳየችኝ። ያኔ እዚህ መርሳ ቪዲዮ ቤት የምትተረጉምልን የጭራቁ ፊልም፣ ያ ከዋክብት መሃል ስለጠፋው መርከብ የሚያወራው፣ እንዴት እንደተሠራ ይናገራል። ሠሪዎቹ አርጅተዋል። ያ ሁሉ ሰው የጮኸለት ጭራቅ ለካ ጎማ የለበሰ ቀጭን ሰውዬ ነው! ሆድ ዕቃው ከሥጋ ቤት የመጣ አንጀት፣ ለሃጩ ቅባት። «ጎማውና ገመዱማ ከእኔ ሱቅ ይገኛል» ብላት፣ «አክስቴ፣ አንቺ እኮ ለጭራቅም ዋጋ ታወጪለታለሽ» ብላ ሳቀችብኝ።

ሰውዬውን ጅራቱ ስለማያስቀምጠው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውል ነበር አሉ። አሳዘነኝ። አንተም እንደዚያው ነበርክ፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመህ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ትመልስልን ነበር። ያልገባህን ከራስህ እንደምትጨምር ሁላችንም እናውቃለን። ጭራቁን «ይሄ የውርጌሳ ጅብ!» ስትለው ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

መጨረሻውን ታስታውሳለህ? ሴትዮዋ ብቻዋን ስትቀር፣ የሞተ የመሰላት ካፒቴን በሬድዮ «እመለሳለሁ፤ ሌላ ቤት እንዳትገቢ» ይላታል አልከን። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በሳምንቱ ወደ አፋር ሄድክ።

ዘጋቢ ፊልሙ ያንን መጨረሻ ሲያሳይ ሜላትን «እዚህ ላይ ካፒቴኑ ምን አለ?» አልኳት። «ማንም አልተናገረም፣ አክስቴ። ሽማግሌው ዳይሬክተር ራሱ፣ ሬድዮኑን ሆን ብለን ነው ዝም ያሰኘነው ይላል» አለችኝ። መልሳ አሳየችኝ። እውነቷን ነው፤ ጸጥ ያለ ነው።

ተነስቼ ሄድኩና ሱቁን ከፈትኩ። እሁድ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከከፈትኩ በኋላ ነው። ማስታወሻዬ ላይ «እሁድ፤ ሽያጭ የለም» ብቻ ብዬ ጻፍኩ።

ሌላም ነገር አለ። የሐራው እህል ነጋዴ ደሳለኝ ሽማግሌ ልኮብኛል። ደህና ሰው ነው፤ እንከን አላገኘሁበትም። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው በር ላይ ቆሙ። አጎቴ ለግንቦት ልደታ ማግስት ቀጠራቸው። ያን ቀን እሺ ወይም እምቢ ማለት አለብኝ። ንግድ ቢሆን መልሱ ይቀለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ዓመት ማንም ሳይጠይቀኝ የጠበቅሁ ይመስለኝ ነበር።

ከሎጊያ መርሳ ሩቅ አይደለም። ከልደታ በፊት የምትመጣ ከሆነ ሽማግሌ አታስከትል፤ በር ላይም አትቁም። ገብተህ ተቀመጥ። ብዙ ቆመሃል።

እመቤታችን ከበረሃው ሐሩር ትከልልህ፤ መንገዱንም ታቅናልህ።

ሌላ ቤት ያልገባችው ወዳጅህ