ከፏፏቴው አጠገብ በውሃ ጥም ስለሞተው ትራክተራችን

ቁጥር፦ ቁጥር የሚሰጠው ጽሕፈት ቤትዎ ስለሆነ ገና አልተሰጠውም
ቀን፦ ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የአውራጃው የእርሻ መሣሪያዎች ስምሪትና ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሕር ዳር

ጓድ ኃላፊ ሆይ፥

ከሁሉ አስቀድሜ የደም ግፊትዎ፣ የወገብዎ ሕመምና የቢሮዎ ማራገቢያ እንደምን ሰንብተዋል እያልሁ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ፣ በሬም ትራክተርም የሌለው ገበሬ ሊሆን የሚችለውን ያህል፣ ደኅና ነን። እኔ ጸሐፊው፣ ዱሮ በጣና ደሴቶች ቅኔ ስቆጥር ያደግሁ፣ ዛሬ በ«ብርሃን ጮራ» የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር ቃለ ጉባኤ የምጽፍ ሰው ነኝ። ቀደም ሲል በፖስታ አሽገን የላክንልዎ ደብዳቤዎች ሁሉ ከደጃፍዎ አልፈው የት እንደገቡ ስላልታወቀ፣ ይህኛው እንኳ አንባቢ እንዲያገኝ ሳላሽገው በገበያችን ዋርካ ላይ ለጥፌዋለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ባለፈው ሰሞን የላኩልን ማስታወሻ ሁለት ትእዛዝ ይዞ መጥቷል። አንደኛው፣ ማሳችን ዳር የቆመው አሮጌ ትራክተር ይጠገን ወይስ በአዲስ ይቀየር የሚለውን ማኅበራችን እስካሁን ለምን እንዳልወሰነ እንድናስረዳ ነው። ሁለተኛው፣ «የመንግሥት ትራክተር እያለ» መሬታችንን በበሬ ያረሱልንን ሰዎች ስም ዝርዝር እንድናቀርብ ነው። ስሙ የተጻፈ ሰው ምን እንደሚገጥመው ማስታወሻው አላብራራም፤ ማብራራትም አላስፈለገውም። እኔም በጽሕፈት ቤትዎ ወግ ቁጥር እየሰጠሁ እመልሳለሁ።

፩ኛ/ ስለ በሬዎቻችን። ትራክተሩ የመጣ ዕለት ከርስዎ ዘንድ የተላኩት ካድሬ «በሬና ሶሻሊዝም አብረው አይሄዱም» ብለው አስተማሩን። እኛም ትምህርት የሚገባን ሰዎች ስለሆንን በሬዎቻችንን አሰልፈን አስረከብን፤ ወደ ሥጋ መለወጣቸውን የሰማነው በኋላ ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ያላትን አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀች ስታሳርስ የኖረችው ወይዘሮ የሺአረግ በዚያ ስብሰባ እጇን አውጥታ፣ «ጓድ፣ በሬ የታመመ እንደሁ አርደን እንበላዋለን። ይኸ ብረት የታመመ ዕለት ምኑን እንበላለን?» ብላ ጠየቀች። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ካድሬው አልሳቁም። ሴትዮዋ በኋላቀርነት ተመዝግባ በሚቀጥለው ስብሰባ ግለሂስ አደረገች፤ ጥያቄዋ ግን ግለሂስ አላደረገምና እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው።

፪ኛ/ ስለ ትራክተሩ አሟሟት። ዐምና በጥቅምት ከበላይ የመጡ እንግዶችዎ ጢስ ዓባይን ለማየት ፈቀዱ። መንገዱ ጭቃ ስለነበረ መኪና አልሄድ አለ፤ ስለዚህ ትራክተራችን ተጎታቹን ቀጥሎ ድንኳኑን፣ ሙክቱን፣ የቢራውን ሣጥንና እንግዶቹን ጭኖ እንዲሄድ ታዘዘ። ማረሻ ብቻ ሲጎትት ለኖረ ብረት ይህ ትልቅ ክብር ነው። ነጂያችን ገብረ መስቀል መንገድ ላይ የሞተሩን መጋል አይቶ «ጓዶች፣ ትንሽ ልቁምና ውሃ ላጠጣው» ቢል፣ የእንግዶቹ አለቃ «ፏፏቴው ጋ ስንደርስ የፈለግኸውን ያህል ታጠጣዋለህ፤ ዓባይ አያልቅብህም!» አሉት። በዚሁ መመሪያ መሠረት ትራክተሩ የፏፏቴው ድምፅ እየተሰማ፣ ጢሱ የእንግዶቹን ፊት እያረጠበ፣ በውሃ ጥም ሞተ። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ክዳን፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ዓባይ መፍሰስ ከጀመረ ወዲህ ከዳሩ ቆሞ በጥም የሞተ ፍጡር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዶቹ ሙክቱን በልተው በእግራቸው ተመለሱ፤ ሬሳውን እኛ መንገዱ ሲደርቅ በጭነት መኪና አስጎትተን ማሳችን ዳር አቆምነው። ገብረ መስቀል «በኢኮኖሚ አሻጥር» ተከስሶ ታሰረ፤ ሚስቱ እናትዓለም እስከ ፋሲካ ድረስ ስንቅ ስታመላልስ ከረመች። የጽሕፈት ቤትዎን ሥራ ይዘገያል እያለ የሚያማ ካለ ይህን ይመልከት፤ ሟቹ ገና ሳይበርድ ገዳዩ ተይዟል።

፫ኛ/ ስለ ኮሚቴዎቹ። የመጀመሪያው ኮሚቴ መጣ፤ ትራክተሩን ዞሮ አየው፤ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ይጠገን» ብሎ ፈረመ። ደስ አለን። የወረታው ነጋዴ ሐጂ ሙሀመድዘይን ቴስታታውን ከአዲስ አበባ እንደሚያስመጡልንና ለዋጋው እስከ ሽምብራው አዝመራ እንደሚታገሡን ነገሩን። ጽሕፈት ቤትዎም ከግል ነጋዴ መግዛት ክልክል መሆኑን፣ በመንግሥት መጋዘን ደግሞ ዕቃው አለመኖሩን በአንድ ደብዳቤ አጠቃልሎ አስታወቀን። ሐጂ ሙሀመድዘይን እዚያው ደጃፍዎ ላይ ቆመው «እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የሌለ ዕቃ አመጣለሁ። የሌለ ፈቃድ ግን ከየት አባቴ ላምጣ?» አሉና ወደ ወረታቸው ሄዱ።

ሁለተኛው ኮሚቴ መጥቶ ያንኑ ጎማ መታ መታ አደረገና «ለዚህ ጥገና ብክነት ነው፤ በአዲስ ይቀየር» ብሎ ፈረመ። እንደገና ደስ አለን። አዲሱ የሚሰጠን ግን አሮጌው በራሱ ኃይል ተጉዞ ባሕር ዳር መጋዘን የገባ እንደሆነ ብቻ ነው ተባለ። በራሱ ኃይል ባሕር ዳር የሚገባ ትራክተር ቢኖረን ሌላ ለምን እንለምን ነበር ብዬ ብጽፍ መልስ አልመጣም። ይልቁንስ ሁለቱን ኮሚቴዎች የሚያስታርቅ ሦስተኛ ኮሚቴ ተቋቋመና፣ ከሁሉ በፊት ትራክተሩ የሚሠራ ነው ወይስ የማይሠራ የሚለው ይጣራ አለ። እኔ ባደግሁባቸው ደሴቶች ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣ ክርክር መቋሚያ እስከማማዘዝ ሲደርስ አይቻለሁ፤ አንድ አካል ባንድ ጊዜ ሕያውም ሙትም ነው ብሎ የሚያስተምር ጉባኤ ግን ከርስዎ ደጅ በቀር አልገጠመኝም።

ኮሚቴው ሲያጣራ ሐይቁ ሸሸ። ቢሮ ውለው ለሚገቡ አንባቢዎች ላስረዳ፤ ጣና በክረምት ሞልቶ ዳሩን ይውጣል፤ ጥቅምት ካለፈ በኋላ ወደ ውስጥ እየሸሸ ጥቁር ርጥብ መሬት ይተውልናል። ባሕር ሸሽ የምንለው እሱን ነው። ጭቃው ሳይደርቅ አርሶ ሽምብራና ጓያ የበተነበት ሰው ያለ አንድ ጠብታ ዝናብ ያጭዳል። ያ ጊዜ ያመለጠው ግን አለቀለት፤ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ይሆናል፤ ዶማም አይበሳው። ዐምና አመለጠን። የመንግሥት የእህል ኮታ ግን አላመለጠንም፤ ላልዘራነው ሽምብራ ለዘር ያስቀመጥነውን ሰፍረን አስረከብን። ወይዘሮ የሺአረግ ልጆቿን እንፍራንዝ ላሉ ዘመዶቿ አከፋፍላ ሰደደች። ቃለ ጉባኤው ላይ ይህን «የቤተሰብ ጉብኝት» ብዬ እንድጽፈው ከካድሬው ምክር ቀርቦልኝ ነበር።

፬ኛ/ ስለ ሰልፉ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አልክድም። ለመስከረም ሁለቱ የአብዮት በዓል ትራክተሩን ያላሰለፈ ማኅበር በፀረ አብዮትነት ይመዘገባል የሚል ትእዛዝ ሲደርሰን፣ «የእኛ አይንቀሳቀስም» ብሎ መጻፍ ሲገባን ፈራን። ባነር ከተሸከመ የጭነት መኪና ኋላ በገመድ አሠርነው፤ ገመዱን በአደይ አበባና በቄጠማ ሸፈንነው፤ በጭስ ማውጫው ውስጥ ርጥብ ሣርና ኩበት አጨስንበት። ኩበቱን የለኮስሁት እኔ ነኝ። ገብረ መስቀልን መሪው ላይ ውጣ ስንለው «ገደልኸው ተብዬ የታሰርሁበትን ሬሳ ዛሬ ደግሞ አለ ብዬ ልንዳው?» አለን። እንዲያም ሆኖ ወጣ፤ ክብር ትሪቡኑ ፊት ሲደርስም እጁን አውለበለበ። እርስዎ ከመቀመጫዎ ተነሥተው አጨበጨቡ። በሳምንቱ፣ «ትራክተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲንቀሳቀስ በኃላፊው ዓይን ስለታየ የጥገናውም ሆነ የቅያሬው ጥያቄ ተዘግቷል» የሚል ደብዳቤ ደረሰን። አሁን ደግሞ ተዘግቷል ያሉንን ጥያቄ ለምን አልወሰናችሁበትም ይሉናል።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ንዴት ቁጥር አያውቅምና እዚህ ላይ ትቼዋለሁ። እስቲ እርስዎው ይፍረዱ። ትራክተሩ በሕይወት ካለ፣ ገብረ መስቀል ማንን ገድሎ ነው የታሰረው? ሞቶ ከሆነስ፣ መስከረም ሁለት ቀን ቆመው ያጨበጨቡት ለማን ነበር?

ዘንድሮም ሐይቁ ፈቃድ ሳይጠይቅ ሸሸ። የሁለተኛው ዓመት ጭቃ እየደረቀ ሲሄድ እኔ ተነሥቼ ከኮረብታው ሥር ወዳሉት ግለኛ ገበሬዎች ሄድሁ። እነዚህ ሰዎች ማኅበር አንገባም በማለታቸው ይህንኑ ባሕር ሸሽ ነጥቀን፣ በርስዎ ትእዛዝና በእኛ እጅ፣ ወደ ድንጋያማው ያባረርናቸው ናቸው። ምን ብዬ እንደለመንሁ ልተወው፤ አንገቴን ደፍቼ ነበርና የተናገርሁትን እኔም በደንብ አልሰማሁትም። በነጋው ጥማዳቸውን እየነዱ መጡ። ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ይጠምቃል፣ ያበላል፤ እኛ የነበረን የጓያ ንፍሮ ነው፤ እሱንም ቆመው ቆረጣጠሙት። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩና፣ «መሬታችንን ወሰዳችሁ፤ እሺ፣ ይሁን። ጦሙን ታሳድሩታላችሁ ብለን ግን አላሰብንም» ብለው ሞፈራቸውን አገናኙ። ከዚያ በኋላ «ና፣ ተመለስ» እያሉ በሬዎቻቸውን ሲነዱ ዋሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዘሩ መሬት ገብቶ ነበር። ዘሩንም እነሱው አበደሩን።

ጓድ ኃላፊ፣ እንግዲህ ለሁለቱ ትእዛዞችዎ መልስ ልስጥ።

ይጠገን ወይስ ይቀየር ላሉት፣ ትራክተሩ ይጠገናል፤ የተሰነጠቀበት አንድ ክዳን ነው። የሚቀየር ነገር መጠገን የማይቻለው ነው፤ እሱ ደግሞ የቆመው በእኛ ማሳ ላይ አይደለም።

መሬቱን ያረሱልን ዝርዝር ይቅረብ ላሉት፣ እነሆ አቅርቤአለሁ፦ ቦራ፣ ጎሽሜ፣ ወይኖ፣ ዳልቻ፣ ሸጋው፣ ቀዮ፣ እንዲሁም ስማቸውን ያልያዝሁት ሁለት ቀንደ ጎባጦች። የመደብ ጀርባቸው ጭቁን፤ የቀድሞ ተሳትፎአቸው ቀንበር፤ ያለባቸው የፖለቲካ ድክመት ጭድ መውደድ ነው። እንዲህ ያሉ ስሞች በየበረቱ ስላሉ ባለቤት ለመፈለግ ሰው ማሰማራት አያዋጣም።

የባለቤቶቹን ስም ግን አልጽፍም። ረስቼው አይደለም፤ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ አባቶቻቸውንም አውቃለሁ። ለማይሠራ ትራክተር ሰው አስረዋል፤ ለሠራ በሬ ሌላ ሰው እንዲያስሩ ብዬ ብዕሬን አላውስዎትም። የግድ የሰው ስም ካስፈለገ፣ ሄጄ የጠራኋቸው እኔ ነኝና የእኔው ከታች ሰፍሯል፤ ለዓይንዎ እንዳያስቸግር አጉልቼ ጽፌዋለሁ።

ለጥበቃዎ፣ ለመመሪያዎ፣ በተለይም ለጭብጨባዎ ምስጋናዬ ከጢስ ዓባይ ጢስ የበዛ መሆኑን እየገለጽሁ፣ መልስዎን ስጠባበቅ አንድ አዝመራ ያለፈኝ፣ ሁለተኛው እንዲያልፈኝ ግን ፈቃደኛ ያልሆንሁት፣ ታዛዥዎ፥

አምሐ ገብረ ኪዳን
የማኅበሩ ጸሐፊ (ይህ ደብዳቤ እስኪነበብ ድረስ)

ግልባጭ፦
ለሦስቱም ኮሚቴዎች፣ በየተራ መጥተው መታ መታ ያደርጉት ዘንድ፤
ለገበያው ሕዝብ፣ ማንበብ የሚችል እንዲያነበው፣ የማይችልም እንዲነበብለት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ እኔን ለመውሰድ ሲመጡ መኪናዎን እዋናው መንገድ ላይ ይተዉት። ባሕር ሸሹ አዲስ የታረሰ ነው፤ ጎማ ይውጣል። ቢሰምጡብን ዝም ብለን አናይዎትም፤ እናወጣዎታለን። የሚያወጣዎት ግን በሬ ነው፤ ያን ጊዜ ትራክተር እያለ በበሬ የተገለገሉ ሰዎች ስም ይጻፍ ቢባል፣ የርስዎን ከዝርዝሩ አናት ላይ ለማስፈር እገደዳለሁ።