ግማሽ ኪኒን

ለተከበሩት ለባለቤቴ እናት፣

ይህ ወረቀት ሲደርስዎ ጉልበትዎ እንዴት ሆኖ ይሆን? ሐይቁ ሲሞላ ሳልዎ ይነሳብዎታል፤ ዘንድሮስ እንዴት ነው? ተንሳፋፊ ቤትዎን ነፋስ ወደማያገኘው ወደ ዛፎቹ አስጠግተው አሰሩት? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። የቀረው እንደሚያውቁት ነው። በትልልቁ የጻፍኩልዎ ዓይንዎ ሳይቸገር ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ነው። እባክዎ ለማንም አያስነብቡ፤ ለትንሹ ልጅዎ ለኮሳልም ቢሆን።

እማዬ፣ በፊሩን የሰባተኛ ቀን የሐዘን ሥርዓት ላይ፣ መነኮሳቱ ጸሎታቸውን ሳይጨርሱ፣ በዘመድ አዝማዱ ፊት «ልጄን የገደልሽው አንቺ ነሽ! መድኃኒቱን በሰዓቱ ብትሰጪው ኖሮ ፊሩን ዛሬ ከጎኔ ነበር» አሉኝ። እህትዎም ተቀብለው «መረብ ስትሠራ እንኳ ቀዳዳ ከምትተው ሴት ምን ይጠበቃል?» አሉ። ሰው ሳቀ። አንገቴን ደፋሁ። ኮሳል ከጎንዎ ተቀምጦ ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም።

እኔ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። መቶኛው ቀን ሳይደርስ የምችለውን ያህል ልንገርዎ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ከታይላንድ የዓሣ መርከብ ሥራ ተመልሰው ብዙም ሳይቆይ ነበር ፊሩን የታመመው። ኤችአይቪ ነው ሲባል እርስዎ ደነገጡ። ሳህኑን ለዩና ጠርዙን ቀይ ቀለም ቀቡት። አልቀየምኩዎትም፤ ያኔ መንደሩ ሁሉ እንደዚያው ነበር። ግን ያንን ሳህን ያየው ፊሩን ብቻ አልነበረም።

መድኃኒቱን ሲጀምር እንደገና ሰው ሆነ። ወደ ጡብ ሥራው ተመለሰ። ሆዱን እየመታ «እዪው እስቲ፣ የሩዝ ነጋዴ አልመስልም?» ይለኝ ነበር። በየሳምንቱ በጀልባ እርስዎ ጋ መመላለስ የጀመረውም ያኔ ነው። ለዓሣ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ኪኒኑን ዓይኔ እያየ ይውጣል፤ የማታውን «ሥራ ቦታ እወስደዋለሁ» ብሎ ኪሱ ይከታል። ባሌን ምን ብዬ ልጠርጥረው?

ከዚያ ሥጋው ይረግፍ ጀመር። እዚህ ባታምባንግ ከተማ የምታክመው ዶክተር ራቻና «ኪኒን ትዘላለህ?» ስትለው «ኧረ በጭራሽ!» አላት። ደሙን ወደ ዋና ከተማ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ ፊቷ ጠቆረ። «አንተ ትዋሻለህ፤ ደምህ ግን አይዋሽም» አለችው።

ምን እንደሆነ እንድታስረዳኝ ለመንኳት። እንዲህ አለችኝ፦ «ቫይረሱ ብቻውን መራባት አይችልም። ደም ውስጥ ያለ ሴል ውስጥ ሲገባ የራሱን ጽሑፍ ይዞ ይገባል፤ ጽሑፉ ግን ሴላችን በሚያነበው ፊደል አይደለም። ስለዚህ ጸሐፊውንም ይዞ ይመጣል፤ ኢንዛይም ይባላል። እሱ ጽሑፉን በእኛ ፊደል ይገለብጠዋል። ከዚያ በኋላ ሴላችን የራሱ ትእዛዝ እየመሰለው ቫይረስ ሲፈለፍል ይኖራል። ኪኒኑ ለዚያ ጸሐፊ የሐሰት ፊደል ያቀብለዋል። ጸሐፊው እውነተኛ መስሎት ሲያስገባው ቀጣዩ አይያያዝለትም፤ ግልበጣው እዚያው ይቆማል።»

«ጫፍ እንደሌለው ክር ነዋ፤ ከሱ ወዲያ ቋጠሮ አይቀጥልም» አልኳት።

«ልክ ነሽ» አለች። «ኪኒኑ ሲጎድል ግን ጸሐፊው አይቆምም፣ ይማራል። የሐሰቱን ከእውነተኛው መለየት ይለምዳል። የባልሽ ለምዷል። ከእንግዲህ ይህን ኪኒን በቅርጫት ብንሰጠው ዋጋ የለውም።»

ሌላ መድኃኒት ጀመረችለት። ይህኛው ጸሐፊውን ትቶ ሌላ ኢንዛይም ነው የሚይዘው፤ አዲሱን ቫይረስ ቆርጦ የሚያሰናዳውን። ነገር ግን አቅሙ ሲደክም የያዘው የሳንባ ነቀርሳ ቀድሞት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሩዝ ገንፎ በማንኪያ ሳጎርሰው እጄን ያዘኝና «ጠዋቱን እኔ፣ ማታውን እሱ» አለኝ። የሚቃዥ መስሎኝ «ማነው እሱ?» አልኩት። ነገረኝ። «ሆስፒታል ደጅ ከሚታይ ሐይቁ ውስጥ ቢሰጥም ይመርጣል። ባሕር ላይ አብረን ተርበናል፣ አብረን ተጠምተናል። እኔ እየወፈርኩ እሱ ሲከሳ ቆሜ ልየው?»

«አንተ ሞኝ! ሁለት ሰው ነው የገደልከው» አልኩት። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ በአባቴ አጥንት አስማለኝ፤ ስሙን ለማንም፣ በተለይ ለእርስዎ፣ እንዳልጠራ። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ለዶክተሯ ስሙን ሳልጠራ ነገርኳት። «ያ ሰው ይምጣ» አለችኝ። «መጥቶም እውነቱን ይናገር። ከደበቀን ያንኑ ኪኒን ነው የምንሰጠው፤ በሱም ደም ውስጥ ያለው ጸሐፊ ሳይለምድ አልቀረም። ከነገረን ግን መርምረን በሁለተኛው እንጀምርለታለን። በእግሩ የሚሄድ ከሆነ ገና አልረፈደም።»

እማዬ፣ ስም አልጻፍኩም። መሐላዬን ጠብቄያለሁ።

አሁን የምለምንዎት አለኝ። ለመቶኛው ቀን ድግስ እንጨት የሚሸከምልኝ ወንድ የለኝም። ኮሳልን ዛሬ ነገ ሳይሉ በመጀመሪያው ጀልባ ይላኩልኝ። ለምን ከሳህ፣ ለምን ታስላለህ ብለው አይጠይቁት፤ አይቆጡት። ጀልባው ላይ ሲወጣ ብቻ ትከሻውን ያዝ ያድርጉት። ሌላውን ለእኔ ይተዉት፤ እጁን ይዤ የምወስደው እኔ ነኝ። በሰባተኛው ቀን ያሉኝም ሰው እንደሰማው ይቅር፤ መንደሩ እኔን ቢያማ ይሻላል።

ከሙሽራይቱ ወላጆች ጋር የቆረጡትን የኮሳልን የሠርግ ቀን ግን፣ እማዬ፣ በሐዘን አሳበው ያራዝሙት። እሷም የእናት ልጅ ናት።

ሐይቁ ዓሣውን አይንፈግዎ። ጉልበትዎን ያጽናልዎ። ለቀረልዎት ልጅ ዕድሜ ይስጥልዎ።

ምራትዎ